በረኛው ከነቁራኛው

የዛሬ ልጆች የኳስ ቡድን ለመግባት ምን እንደሚጠየቁ እንጃ። እኔን የጠየቁኝ አባቴን ነበር። እግሬን አይደለም፣ ጉልበቴን አይደለም፤ አባቴን! እግሬን ቢጠይቁኝ በተሻለኝ፤ እሱ እንኳ አንዳንዴ ይታዘዝልኛል።

ነገሩ የሆነው ጠላት ከመግባቱ በፊት፣ ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ገና አራዳ ብቻ ተብሎ ሲጠራ፣ ገበያውም እዚያው ጊዮርጊስ ሥር ሲቆም ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ መሪጌታ በላቸው በደብሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እኔም ወንበራቸውን እንድወርስ ዜማ ያስተምሩኛል። ያስተምሩኛል እንጂ እማራለሁ አልልም። አፌ ዜማ ይላል፣ ጆሮዬ ሜዳ ነው ያለው።

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቅ ሜዳ ነበር። እዚያ የሰፈራችን ጎረምሶች ቡድን አቋቁመው እሁድ እሁድ ይጋጠማሉ። አለቃቸው ሸምሱ የሚባል ኮርቻ ሰፊ ነው። ኳሷን የሰፋት ራሱ ነው፤ ላይዋ የኮርቻ ቆዳ፣ ውስጧ የበሬ ፊኛ። ዝናብ የመታት እንደሆነ ድንጋይ ታክላለች፤ በግንባሩ የገጫት ሰው እስከ ማክሰኞ ስሙን ይረሳል። ታዲያ እኔ ከዚች ኳስ ሌላ በዓለም ላይ የምመኘው ነገር አልነበረም። ከሴት ጭምር ነው የምላችሁ።

ሸምሱን ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«ጥላሁን፣ በረኛችን ለተዝካር አገር ቤት ሄዷል። እሁድ ከሠራተኛ ሰፈር ጋር ስንጋጠም አንተ በሩ ላይ ትቆማለህ። እጅህ ጥሩ እንደሆነ አይቻለሁ። ግን አባትህ መጥተው በአፋቸው ‹ፈቅጃለሁ› ካላሉ ከዚያ ወዲያ የኛ ሰው አይደለህም።»

«ሸምሴ፣ አባቴን ታውቃቸው የለም?»

«ስለማውቃቸው እኮ ነው የምልህ!»

አይፈረድበትም። አንድ ጊዜ ጎበዝ አግቢያቸውን እናቱ በጨዋታ መሀል አርጩሜ ይዘው ገብተው፣ ኳሷ እግሩ ሥር እያለች በጆሮው ጎትተው ወስደውታል። ሸምሱ ከዚያ ወዲህ ወላጁ ያልፈቀደለትን ልጅ አላስጠጋም አለ። እኔ ግን ለጊዜው እሁድን ብቻ ነበር የማየው። የአባቴን ነገር እግዜር ያውቃል ብዬ በደስታ እየዘለልኩ ቅዳሜ ከሰዓት በገበያው ዳር ወደ ቤት ሳቀና፣ ሕፃናት የሚጫወቱባት የጨርቅ ኳስ ተንከባላ እግሬ ሥር መጣች። ጭቃ ጠጥታለች። እስቲ እንደ በረኛ አርቄ ልለጋት አልኩና ለጋኋት።

ምነው እጄን... ምነው እግሬን በሰበረው!

ያኔ ሙግት እንደ ዛሬ በአዳራሽ ብቻ አልነበረም። ሁለት ሰዎች የተካሰሱ እንደሆነ መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ አስቁመው ፍረደን ይላሉ፤ ሰው ከቦ ይሰማል። በዚያን ሰዓት በጊዮርጊስ ቅጥር አጠገብ የሚሟገቱት ባሻ ዘለቀ ነበሩ። ባሻ ዘለቀን በአራዳ የማያውቅ አልነበረም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ቁራሽ መሬት ሲሟገቱ ጠጉራቸው የሸበተ፣ የራሳቸው ሙግት ቀጠሮ ሲሰጠው የሰው ሙግት እየተቀበሉ የሚከራከሩ፣ ነገር የተባለ ነገር ሁሉ የሚጣፍጣቸው ሽማግሌ ናቸው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ ጠዋትና ማታ።

ሸማቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን ወደ ሰማይ ሰብቀው፣ «በላ ልበልሃ! በቅሎ እሰጥ!» ብለው አፋቸውን በሰፊው ሲከፍቱ ኳሷ ደረሰች። አፋቸው ላይ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁስ ባልከፋ፤ ተከራካሪያቸው ራሱ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ፣ ለዳኝነት የቆሙት ሽማግሌም ፊታቸውን በሸማቸው ሸፈኑ። ባሻ ቀስ ብለው ከጢማቸው ላይ ጭቃውን ጠረጉ፤ ዞር አሉ፤ እግሬን ገና በአየር ላይ እንዳለ አዩት።

«በሕግ አምላክ!»

ልሮጥ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። ግን በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃ ይቆማል ተብሎ ነው ያደግነው። ባለህበት ቀጥ ነው። ቀጥ አልኩ።

ቀጥሎ የሆነውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ተከሳሽ ዋስ ካላገኘ ከከሳሹ ጋር ሸማ ለሸማ ተቋጥሮ ቁራኛ ይሆናል። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ጓሮም አብረው ነው። ቋጠሮውን ፈትቶ የሄደ ጥፋተኛ መሆኑን በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። ዳኛው የሚያስችሉት ደግሞ ሰኞ ነው። የኔን የሸማ ጫፍ ከባሻ ሸማ ጫፍ ጋር ሲቋጥሩት ዓይኔ ላይ የዞረው እሁድ ብቻ ነበር።

«ባሻ፣ ኧረ ይማሩኝ! ሳላይ ነው!»

«ምንም አልልህም ልጄ። ኳስ የምትባል ነገር ሁለተኛ በእግርህ እንዳትነካ ሰኞ ይፈረድብሃል። እስከዚያ ዋስ ጥራ።»

ዋስ ያለኝ አባቴ ናቸው። እየተጎታተትን ቤት ደረስን። አባቴ እኔን አዩ፣ ባሻን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ። ባሻ ነገሩን ከነዝርዝሩ ተረኩላቸው፤ አፋቸው እንዴት እንደተከፈተ ጭምር ከፍተው አሳዩ። አባቴ ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«እሰይ!»

«አባባ!»

«እሰይ ነው የምልህ! ባሻ፣ እግዚአብሔር ነው የላከዎት። እኔ በምክር አቅቶኛል፣ በዱላም አቅቶኛል። ኳስ እንዳይነካ ያስፈርዱልኝ።»

«ዋስ አይሆኑኝም ታዲያ?» አልኩ።

«ለኳስ ዋስ? እንደታሰርክ እደር! ቢያንስ ነገ ሜዳ አትወርድም። ሰኞ ግን እመጣለሁ። የተፈረደብህን እንድትፈጽም ያኔ እኔው ዋስ እሆናለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች በእኔ ላይ ተመራርቀው ተለያዩ። ወደ ባሻ ቤት ስንወርድ እንባዬ መጣ። የምሬን ነው፤ ጎረምሳ ነኝ ብዬም አልደበቅኩት። ሸምሱ ሌላ በረኛ ያቆማል፤ ያ ሌላ በረኛ አባት ይኖረዋል፤ አባቱም ይፈቅዱለታል። እኔ ደግሞ ሰኞ በሕግ እከለከላለሁ።

እራት ቀርቦ በአንድ ትሪ ስንበላ ባሻ የመሬታቸውን ሙግት ይነግሩኛል። ስንት ዳኛ እንደሞተበት፣ ስንት ምስክር እንደጃጀበት። «አየህ ልጄ፣ እኔን ያቃጠለኝ መሸነፉ አይደለም። አለማለቁ ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እንባዬን ጠረግሁና፦

«ባሻ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ታች ሜዳ ላይ ትልቅ ሙግት አለ» አልኳቸው።

ጉርሻው አፋቸው ላይ ቆመ። «የማንና የማን?»

«የአራዳና የሠራተኛ ሰፈር። ከዚህ ወገን አሥራ አንድ፣ ከዚያ ወገን አሥራ አንድ ሰው ይቆማል።»

«አሥራ አንድ ጠበቃ! ዳኛስ አለው?»

«አለው። ፊሽካ ይነፋል፤ በነፋ ጊዜ ሁሉም ይቆማል። ጠዋት የተጀመረው ምሳ ሳይደርስ ፍርዱ ይሰጣል።»

«በዕለቱ?!» ብለው ትሪውን ገፋ አደረጉት። «ውሸትህን ነው!»

«ባሻ ይሙቱ!»

«እኔን አትግደል። እናየዋለን።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተቋጥረን ሜዳ ወረድን። ሸምሱ ሲያየን ኳሷ ከእጁ ወደቀች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከሳሼ ናቸው» አልኩት። «በረኛ እኮ ብዙ አይሮጥም ሸምሴ። በሩ ላይ ልቁም፤ እሳቸው ከጎኔ ይሆናሉ።»

ሌላ በረኛ ስላልነበረው ሰማይ ሰማዩን አይቶ እሺ አለ። የሠራተኛ ሰፈሮቹ ግን ጮኹ። አለቃቸው ጉልላት የሚባል የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ደረቱ በር ያክላል። «አሥራ ሁለት ሆናችኋል! ሽማግሌው ይውጡ!» አለ። ዳኛ ተብሎ የቆመው፣ ፈረንሳይኛ የቀመሰ አስፋው የሚባል ወጣት፣ ፊሽካውን ጎርሶ ግራ ገባው። ባሻ ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር አግኝተው ዝም ሊሉ ነው? አደገደጉና ወደ መሀል ሜዳ ሄዱ። እኔም ተጎትቼ ሄድኩ።

«ጌታው ዳኛ፣ ልናገር?»

«ይናገሩ» አለ አስፋው።

«እኔ የዚህ ልጅ ከሳሽ ነኝ። ከሳሽ ለተከሳሽ ወገን ይሆናል? አይሆንም። ቢሸነፍ ደስታው የማን ነው? የእኔ ነው። እንግዲህ እኔ ከተቆጠርኩ መቆጠር ያለብኝ ከነዚህ ከሠራተኛ ሰፈሮቹ ጋር ነው። አሥራ ሁለት የሆኑት እነሱ ናቸው! ይህ ባይሆን በቅሎ እሰጥ!»

ጉልላት አፉን ከፍቶ ቀረ። አስፋው ትንሽ አሰበና «ይቁሙ» ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

አቤት ያን ቀን! ወደ ግራ ስወረወር ባሻን ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ወደ ቀኝ ስወረወር ይዘውኝ ይቀራሉ። መጀመሪያ ላይ ኳስ በመጣች ቁጥር ከኋላዬ እየተሸጎጡ «ጉድ ፈላ!» ይሉ ነበር። ቆይተው ቆይተው ግን ነገሩ ገባቸው። እኔ ሳልነግራቸው ቀድመው ወደ ኳሷ መሳብ ጀመሩ። አንዷን እንዲያውም ያዳንኳት እሳቸው ስለጎተቱኝ ነው። ዳገቱ ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ «አይዞህ ቁራኛ!» እያለ ያጨበጭባል፤ ባሻም በየጭብጨባው እጅ ይነሳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሟገቱ ማን አጨብጭቦላቸው ያውቃል?

ምንም ለምንም ሆነን ሊያልቅ ተቃረበ። እኛ ያን ጊዜ የምንጠብቀው በቁልቁለቱ በኩል ያለውን በር ነበር፤ በር ስል ሁለት ድንጋይ ማለቴ ነው። ጉልላት የኛን ሰው ሁሉ እየገፈተረ አልፎ ብቻውን ወረደብኝ። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ኳሷን በቀስታ ወደፊት ገፋ አደረጋትና ሊለጋት እግሩን ወደኋላ አነሳ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጄን ዘርግቼ ተዘጋጀሁ። ይህቺን ብይዝ ሸምሱ አባቴ እግር ላይ ወድቆም ቢሆን ያስገባኛል ብዬ አሰብኩ።

ባሻ ግን የታያቸው ሌላ ነው።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። «ዳኛ ፊት ሳላቀርበው ተከሳሼን እንዳትገድልብኝ!»

ጉልላት እግሩን እንዳነሳ ቀጥ። ሸምሱ ሲሮጥ ቀጥ። አስፋው ፊሽካውን ጎርሶ ቀጥ። ዳገቱ ላይ ያለው ሕዝብ፣ ማሰሮ ተሸክማ የምታልፈው ሴትዮ፣ ሁሉም ቀጥ። እኔም፣ እጄን እንደዘረጋሁ፣ ቀጥ!

ያልቆመችው ኳሷ ብቻ ናት። ቁልቁለቱን ይዛ ቀስ እያለች መጣች። በስንዝር ርቀት በእጄ ሥር አለፈች። ዓይኔን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ተከተልኳት። ሸምሱ ከቆመበት ሳይነቃነቅ «ጥላሁን! እጅህን! እጅህን!» ይላል፤ አንተው ራስህ ለምን አትንቀሳቀስም አትለው። ኳሷ በሁለቱ ድንጋዮች መሀል ገብታ ሣር ላይ ተቀመጠች።

አስፋው ፊሽካውን ነፋ። «ጎል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ተዉት። ባሻ ዱላቸውን እያወዛወዙ አስፋው ላይ ሄዱ፦

«በሕግ አምላክ ተብላ አልቆመችም! ውሃ የሚቆምበትን ቃል የጣሰች እሷ ናት! ትታሰርልኝ!»

«ማን ትታሰር?»

«ኳሷ!»

«ባሻ፣ ጎል ጎል ነው።»

«እሺ ይግባኝ እላለሁ። ለማን ነው የሚባለው?»

«ይግባኝ የለውም።»

ባሻ ዝም አሉ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ያለ ዝምታ አላየሁባቸውም። ቆይተው በቀስታ «በቃ? አለቀ?» አሉ።

«አለቀ። እንደገና የምንገጥማቸው በሚመጣው እሁድ ነው» አላቸው አስፋው።

ሸምሱ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። የሚሳደብ መስሎኝ ነበር። «ጥሩ ይዘሃል» አለኝ፤ «የመጨረሻዋ ያንተ ጥፋት አይደለችም። ግን ቃሌ ቃል ነው። አባትህ ካልፈቀዱ ለሚቀጥለው እሁድ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ከባሻ ጋር ወደ ቤታቸው ስንመለስ አንገቴ ደረቴ ላይ ወድቋል። እሳቸው ጢማቸውን እየጎተቱ ይራመዳሉ።

«አባትህ እምቢ ካሉ ሌላ በረኛ ያቆማሉ ማለት ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ምን?»

«እኔ ማንን ይዤ ነው እሁድ የምከራከረው? የተሸነፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ትንሽ እንደሄድን ለብቻቸው ፈገግ ሲሉ አየሁ። ለእኔ ጥሩ ፈገግታ አልመሰለኝም።

ሰኞ ጠዋት ዳኛው ፊት ቆምን። አባቴ የክብር ካባቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከሁሉ ቀድመው ደርሰዋል። ለልጃቸው ክህነት የመጡ ነው የሚመስሉት። ዳኛው ጉዳዩን ካዳመጡ በኋላ እኔን «እውነት ነው?» አሉኝ። «እውነት ነው፤ አፋቸውን መትቻለሁ» አልኩ።

«ፍርዱን እንዲፈጽም ዋስ የሚሆነው አለ?»

አባቴ ገና ሳይጨርሱላቸው ተነሡ። «እኔ! አባቱ! የተፈረደበትን አንዲት ሳያጎድል እንዲፈጽም ዋስ ነኝ፤ ባይፈጽም በእኔ ይሁን!»

ዳኛው አጻፉት። ወደ ባሻ ዞር አሉ። «ምን ይፈረድልህ ባሻ?»

ባሻ አደገደጉ። አባቴን አንዴ አዩአቸው።

«ጌታዬ፣ ይህ ልጅ እኔን የመታኝ በክፋት አይደለም። መምታት ባያውቅ ነው። የሚያውቅ ሰው ኳስን ወዳሰበው ይልካል፤ እሱ ግን ወደ አፌ ላከ። ከልክለን ብንተወው ሳያውቅ ይኖራል፤ ነገም የሌላ ሰው አፍ አለ። ስለዚህ መምታትም መያዝም አውቋል እስኪባል ድረስ፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳ እየወረደ ከነሸምሱ ቡድን ጋር እንዲማር ይፈረድልኝ። አንድ እሁድ ቢቀር ዋሱ ይዞት ይምጣ!»

ችሎቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ።

«ምን?!» አሉ አባቴ። «ባሻ! ምን ነካዎት? ቃላችን እንዲህ ነበር?»

«ቃል የሰጡት እርስዎ ነዎት መሪጌታ። አንዲት ሳያጎድል ብለዋል» አሉ ባሻ በታላቅ ትሕትና።

ዳኛው ሸማቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንደ ጠየቀ ተፈርዷል» አሉ። «ዋሱም ቃላቸውን ሰጥተዋል።» ቋጠሯችን ተፈታ። ያመናችሁ እመኑ፣ ባሻ ሸማቸውን ሲለዩ ቅር ያላቸው መሰለኝ። እኔንም ትንሽ ቅር ብሎኛል።

አባቴ ለስድስት ቀን አላናገሩኝም። በሰባተኛው ቀን፣ ከቅዳሴ እንደወጣን፣ ክንዴን ጨብጠው «ቅደም» አሉኝ። ሜዳ ወረድን። ሸምሱ ፊት ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው፣ «አምጥቻለሁ» አሉ። ፈቅጃለሁ አላሉም። ሸምሱ ግን አምጥቻለሁ ማለት ከፈቀድኩ ይበልጣል ብሎ ተቀበለኝ።

አባቴ እንግዲህ የቃላቸው ሰው ናቸው። ዋስ እንደመሆናቸው መጠን መቅረቴን ወይም አለመቅረቴን ማየት አለባቸው፤ ለማየት ደግሞ መቀመጥ አለባቸው። ዳገቱ ላይ ከባሻ ጎን ድንጋይ አበጁ። በመጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጎን ሆኑ። አንድ እሁድ ብርድ ብርድ ብሎኝ ተጠቅልዬ ብተኛ መጥተው ጋቢዬን ገፈፉኝ፦ «ተነሥ! በእኔ ዋስትና ትተኛለህ? ሠራተኛ ሰፈሮቹ መጥተዋል!»

ሠራተኛ ሰፈሮቹ መምጣታቸውን በምን አወቁ? እሱን አልጠየቅኳቸውም።

በየዓመቱ ስለ ፍርዱ የሚጠየቁት ባሻ ናቸው። «እህሳ ባሻ፣ ልጁ አላወቀም?» ይሏቸዋል። ባሻም አባቴን በጎን እያዩ «ገና ነው» ይላሉ። ዓመት ያልፋል። «አሁንስ?» «ኧረ ገና ነው!» ሙግታቸውን የማራዘም ልምድ ነበራቸው፤ ይህቺኛዋን ግን ወደው ነው ያራዘሟት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ቄስ አልሆንኩም፤ ታላቅ ተጫዋችም አልሆንኩ። ያ ፍርድ የለወጠብኝን ከጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት አባቴ የሚያዩኝ ስሳሳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጃችሁ ባልወደዳችሁት ነገር ልቡ ተሰቅሎ ካስቸገራችሁ እስቲ አንድ ጊዜ ሳታውቁ ዋስ ሁኑት። ሳታውቁ ነው ያልኩት፤ አውቃችሁማ እሺ አትሉም።

ባሻ ዘለቀ የሞቱት የመሬታቸው ሙግት ሳይቆረጥ ነው። ሥላሴ ነፍሳቸውን ይማር። ቀብራቸው ላይ ሸምሱ ለአባቴ ሊያዝን ፈልጎ «መሪጌታ፣ እንግዲህ ከዋስትናዎ ወረዱ። ከሳሽ የለም» አላቸው።

አባቴ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«እንዴት እወርዳለሁ? ባሻ እኮ ‹አውቋል› ሳይሉ ነው የሞቱት።»

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ እንደወጣን ክንዴን ጨብጠው «ቅደም» አሉኝ።